የምግብ ግብዓቶችን ከይዘት ወደ ክብደት መቀየር፦ ለሸማቾችና ለባልትና አምራቾች የተዘጋጀ መረጃ

በጉሊት ገበያ ምስር በጣሳ፣ ሽሮ በስኒ፣ ለውዝ በብርጭቆ ይሸጣል። በሱቅና በሱፐርማርኬት ደግሞ ያው ዕቃ በኪሎ ግራም ይቀርባል። ዘይት በሊትር፣ ማርና ቅቤ በኪሎ ይገዛሉ። የዳቦ አሠራር መመሪያም ዱቄቱን አንድ ጊዜ በኩባያ፣ ሌላ ጊዜ በግራም ይገልጻል። በዚህ ምክንያት አንድ ሸማች በሁለት ቦታ የተነገረውን ዋጋ በቀጥታ ማወዳደር ይሳነዋል፤ ባልትና የምታዘጋጅ እናትም በስኒ ሰፍራ በሞላችው ከረጢት ላይ ‹500 ግራም› ብላ ስትጽፍ የጻፈችው ቁጥር እውነት መሆኑን እርግጠኛ ልትሆን አትችልም።

ይህ መረጃ የይዘት ልኬት ወደ ክብደት የሚቀየርበትን መንገድ ያብራራል። አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ግን ለሁሉም ግብዓት የሚያገለግል አንድ የመቀየሪያ ቁጥር አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ግብዓት የራሱ ቁጥር አለው፤ የአንዱ ግብዓት ቁጥር እንኳ እንደ አፈጫጨቱ፣ እንደ እርጥበቱና እንደ አሰፋፈሩ ይለያያል።

ይዘትና ክብደት የሚለያዩበት ምክንያት

ይዘት አንድ ነገር የሚይዘው ቦታ ሲሆን የሚለካውም በሊትርና በሚሊ ሊትር ነው። ክብደት በሚዛን የሚታወቅ ሲሆን በግራምና በኪሎ ግራም ይገለጻል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እፍጋት ይባላል፤ ይኸውም አንድ ሚሊ ሊትር የሚሆነው ግብዓት ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚያሳይ ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ይዘቱ በእፍጋቱ ሲባዛ ክብደቱን ይሰጣል፤ ክብደቱ ለእፍጋቱ ሲካፈል ደግሞ ይዘቱ ይገኛል።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ያህል መመዝኑ አጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1795 በፈረንሳይ ግራም ሲደነገግ መነሻ የተደረገው የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውኃ ክብደት ነበር። የኪሎ ግራም ትርጓሜ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 20 ቀን 2019 ጀምሮ የተመሠረተው ፕላንክ በተሰኘው የፊዚክስ ቋሚ ቁጥር ላይ ነው። ለማእድ ቤት አገልግሎት ግን የቀድሞው ዝምድና ዛሬም ይሠራል፤ ሚዛን ያለው ማንኛውም ሰው የዕቃውን ይዘት በውኃ ሊያውቅ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው የውኃው ቁጥር ለሌላው ግብዓት ሁሉ ሲወሰድ ነው። የምግብ ዘይት ከውኃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ‹5 ሊትር› የሚል ጽሑፍ ያለበት ጀሪካን ውስጥ ያለው ዘይት 4.6 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ይህን ጀሪካን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ከ5 ኪሎ በታች መሆኑን የተመለከተ ሸማች ተታለልሁ ብሎ ሊደመድም አይገባም፤ በሊትር የገዛውን በሊትር አግኝቷልና። በአንጻሩ የ5 ኪሎ ግራም ሒሳብ ከፍሎ 5 ሊትር የተረከበ ሰው 400 ግራም ያህል ጎድሎበታል፤ 5 ኪሎ ግራም ዘይት ከ5.4 ሊትር በላይ ነውና። ነጋዴውም ሸማቹም ‹አምስት› የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዘው ሲነጋገሩ ‹አምስት ምን?› የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ መቅረት የለበትም።

ማር የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ሊትር የተጣራ ማር 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ኪሎ ማር የሚሞላውም 700 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በአንድ ሊትር ማሰሮ ወይም ጠርሙስ አንድ ኪሎ ማር የተረከበ ገዢ የዕቃው አንድ ሦስተኛ ገደማ ባዶ መሆኑ ሊያስደንቀው አይገባም። ይልቅስ ሊያጠራጥር የሚገባው እስከ አፉ ሞልቶ ከዕቃው ክብደት ውጭ አንድ ኪሎ ብቻ የሚመዝን የሊትር ጠርሙስ ነው፤ ውኃ የበዛበት፣ አረፋ የያዘ ወይም ሰፈፉ ያልወጣለት ሊሆን ይችላል። ክብደቱ ትክክል መሆኑ ግን ማሩ ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የስኳር ሽሮፕም ከማር ጋር የሚቀራረብ ክብደት አለው።

ደረቅ ግብዓቶች

በእህልና በዱቄት ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በጣሳ የተሰፈረ ምስር ሙሉ በሙሉ ምስር አይደለም፤ በፍሬዎቹ መካከል አየር አለ፣ ይህም የጣሳውን ይዘት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ሊይዝ ይችላል። ጣሳው መታ መታ ሲደረግ ፍሬዎቹ ይቀራረቡና ተጨማሪ እፍኝ የሚይዝ ቦታ ይገኛል። ይህን የጉሊት ነጋዴም ገዢም ያውቁታል፤ አንዷ ቀለል አድርጋ ስትሰፍር ሌላዋ ‹ነቅነቅ አድርጊው› የምትለው ለዚሁ ነው።

በዱቄት ላይ ልዩነቱ ከዚህ ይሰፋል። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ተሞልቶ በቢላ ጀርባ ከተስተካከለ 120 ወይም 125 ግራም የስንዴ ዱቄት ይይዛል። ኩባያው ራሱ ዱቄቱ ውስጥ ተነክሮ ተጠቅጥቆ ከወጣ ግን 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ለድፎ ዳቦ አራት ኩባያ ዱቄት የሚል መመሪያ በአንዷ ቤት 480 ግራም፣ በሌላዋ ቤት 600 ግራም ይሆናል ማለት ነው። የ120 ግራሙ ልዩነት አንድ ሙሉ ኩባያ ዱቄት ያህል ነው። የውኃው መጠን በሁለቱም ቤት አንድ ሆኖ የአንዷ ሊጥ የሚላላው፣ የሌላዋ የሚደርቀው የእጅ ሙያ ስላነሳት ላይሆን ይችላል።

በጅምላ ግዢም ተመሳሳይ ስሕተት ይፈጸማል። አንድ ኩንታል ማለት 100 ኪሎ ግራም ነው እንጂ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማለት አይደለም። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ በአንድ ሊትር ቦታ 800 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ገለባው ያልተለየለት ገብስ ደግሞ ወደ 600 ግራም ዝቅ ይላል። በመሆኑም ልክ በጤፍ ኩንታል የሚሞላ ማዳበሪያ በገብስ ቢሞላ 75 ኪሎ አካባቢ ሆኖ ይቀራል። እርጥበት ያልለቀቀው እህልም ለብቻው መታየት አለበት፤ በሚዛን ሲታይ ክብደቱ ትክክል ቢሆንም ገዢው ከእህሉ ጋር ውኃ እየገዛ ነው፣ ሲደርቅም ይቀንስበታል።

መለኪያ ዕቃዎቹስ?

ጣሳ፣ ስኒና ብርጭቆ በሕግ የተወሰነ ይዘት የላቸውም። ጣሳው የቲማቲም ድልህ፣ የዱቄት ወተት ወይም የዘይት ቆርቆሮ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ከታች ጎድጎድ ብሎ ወደ ውስጥ የገባ እንደሆነም ከላይ ሲያዩት ሙሉ ሆኖ ይዘቱ የጎደለ ነው። በገበያችን ‹መርቂልኝ› ተብሎ የሚጨመረው ምራቂ ደግሞ የሻጭና የገዢን ወዳጅነት የሚያጸና መልካም ልማድ ቢሆንም ልኬቱን ይበልጥ ያለያየዋል።

ከውጭ አገር በሚመጡ የምግብ አሠራር መመሪያዎች ላይ የሚገኘው ‹ካፕ›ም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ የተለመደው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን በዚያው አገር የምግብ ማሸጊያ ጽሑፍ ላይ 240 ተብሎ ይወሰዳል። በአውስትራሊያ 250፣ በጃፓን 200 ሚሊ ሊትር ነው። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ተብሎ ሲቆጠር በአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያው 20 ነው። በአሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶቿ የኬክ አሠራር የደረሳት እናት በቤቷ የቡና ስኒ ወይም የሻይ ብርጭቆ ለክታ ብትሠራው ውጤቱ የተለየ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ለማነጻጸሪያ የሚያገለግሉ ቁጥሮች

ከዚህ በታች የተመለከቱት ቁጥሮች 240 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ አንድ ኩባያ፣ ሳይጠቀጠቅ በልክ ተሞልቶ አፉ ለተስተካከለ፣ በግምት የሚያገለግሉ ናቸው።

ውኃ፦ 240 ግራም
ወተት፦ 245 ግራም
የምግብ ዘይት፦ 220 ግራም
የቀለጠ ንጥር ቅቤ፦ ከ205 እስከ 220 ግራም
የተጣራ ማር፦ 340 ግራም
ስኳር፦ 200 ግራም
ደቃቅ ጨው፦ 290 ግራም
የስንዴ ዱቄት፦ ከ120 እስከ 125 ግራም
ያልበሰለ ሩዝ፦ ከ185 እስከ 200 ግራም
ምስር፣ ሽምብራ፣ የጤፍ ፍሬ፦ ከ190 እስከ 200 ግራም

በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ በዝርዝሩ ያልተካተቱት ሆን ተብሎ ነው። የእነዚህ ክብደት በወፍጮው ድቀት፣ በቅመሙ ዓይነትና ከተፈጩ በኋላ በቆዩበት ጊዜ እጅግ ስለሚለያይ ከሌላ ሰው የተወሰደ ቁጥር ከሚጠቅመው ይልቅ የሚያሳስተው ይበልጣል። አዘጋጁ ራሱ መመዘን ይኖርበታል። ቡናም እንዲሁ ነው፤ ሲቆላ ክብደቱ እየቀነሰ ፍሬው ስለሚነፋ የጥሬው አንድ ስኒና የተቆላው አንድ ስኒ በክብደት በእጅጉ ይራራቃሉ።

ጨው ትኩረት ይሻል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወሰድ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ፍሬው ትላልቅ የሆነ ጨው በዚያው ማንኪያ ሲሰፈር በመካከሉ አየር ስለሚኖር ክብደቱ ያንሳል፤ ስለሆነም በአሞሌ ፍርካሽ የለመደ እጅ በደቃቁ ጨው ተመሳሳይ ማንኪያ ሲጨምር ወጡ ይበልጥ ጨው ይበዛበታል። ለአንድ ቤተሰብ የሚሆነው ድስት በቅምሻ ይስተካከላል። ለሠርግ ወይም ለተማሪዎች ምገባ በትልቅ በርሜል ሲሠራ ግን በማንኪያ የተጀመረው ልዩነት በመቶ ስለሚባዛ ጨውን በግራም መዝኖ መጨመር ይመረጣል።

የራስን መለኪያ መመዘን

ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይልቅ አስተማማኙ መንገድ ዘወትር የሚጠቀሙበትን ስኒ ወይም ጣሳ አንድ ጊዜ መዝኖ ቁጥሩን መጻፍ ነው። ለዚህም በግራም የሚያነብ አነስተኛ ሚዛን ያስፈልጋል፤ የሌለው ሰው ከጎረቤት ሊዋስ ይችላል፣ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አያልፍምና። ባዶው ዕቃ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሚዛኑ ወደ ዜሮ የሚመልስ ቁልፍ ከሌለው የባዶው ክብደት ይመዘገብና በኋላ ይቀነሳል። ከዚያ ዕቃው እስከ አፉ ውኃ ይሞላል፤ በግራም የተነበበው ቁጥር የዕቃው ይዘት በሚሊ ሊትር ነው። ዕቃው በደንብ ከተወለወለ በኋላ በሚፈለገው ግብዓት ተሞልቶ፣ አፉ በቀጥ ያለ ነገር ተስተካክሎ ይመዘናል። በደረቅ ግብዓት ላይ ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ቢወሰድ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰፈረ ዱቄት እጅን እንጂ ስኒውን አይለካም።

ለምሳሌ ያህል ስኒው 80 ሚሊ ሊትር ውኃ ያዘ፣ በምስር ሲሞላ ደግሞ 64 ግራም መዘነ እንበል። 64 ለ80 ሲካፈል 0.8 ይሆናል፤ ይህ የዚያ ምስር እፍጋት ነው። 1000 ግራም ለ64 ሲካፈል ደግሞ አንድ ኪሎ ምስር 15.6 ስኒ እንደሚሆን ያሳያል። ስኒው በ15 ብር የሚሸጥ ቢሆን ገዢዋ ለአንድ ኪሎ 234 ብር እየከፈለች ነው። ይህን ቁጥር በሱቁ ከሚጠየቀው የኪሎ ዋጋ አጠገብ ማስቀመጥ ይቻላል።

በስኒ የሚሸጠው ዋጋ ከፍ ብሎ መገኘቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የጉሊት ነጋዴዋ ከጅምላ ገዝታ፣ አበጥራና ለቅማ፣ ኪሎ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው በትንሽ በትንሹ ታቀርባለች፤ የድካሟ ዋጋ በዚያ ውስጥ አለ። ሆኖም በየቀኑ ሦስት አራት ስኒ የሚገዛ ቤተሰብ ልዩነቱ በወር ስንት እንደሚደርስ ካወቀ ምናልባት ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ በኪሎ መግዛትን ሊመርጥ ይችላል።

ሚዛን ፈጽሞ በማይገኝበት ቦታ በፋብሪካ የታሸገ የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ይረዳል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ በስኒው እየተሰፈረ ሲቆጠር 500 ለስኒዎቹ ብዛት ተካፍሎ የስኒው ይዘት ይታወቃል፤ ከዚያም ከላይ የተሰጡት ቁጥሮች በግምት ሊሠራባቸው ይችላል።

ለባልትና አምራቾች

ምርቱን በከረጢት አሽጎ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው የሚጽፈው የተጣራ ክብደት ማለትም የማሸጊያው ክብደት ተቀንሶ የቀረውን ነው። በስኒ ሰፍሮ መሙላት ሥራን ያፋጥናል፤ ይሁንና እንደ መጨረሻ ልኬት ሊወሰድ አይገባም። ከወፍጮ የወጣ በርበሬ ትኩስ ሳለ አየር ስለሚይዝ በስኒ የሚገባው መጠን ያንሳል፤ አድሮ ሲረጋ በዚያው ስኒ የሚገባው ይጨምራል። ልዩነቱ ከመቶ 10 ቢሆን በ500 ግራም ከረጢት ላይ 50 ግራም፣ በ200 ከረጢት ላይ 10 ኪሎ ግራም በርበሬ ነው። ይህ 10 ኪሎ በአንዱ ቀን ከሸማቾች የጎደለ፣ በሌላው ቀን አምራቿ ሳታውቀው የሰጠችው ይሆናል። በመሆኑም በስኒ ወደ ልኩ ከተጠጉ በኋላ እያንዳንዱን ከረጢት ሚዛን ላይ አስቀምጦ በማንኪያ እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ቅቤና ሌሎች ቅባቶች ሲቀልጡም ሲረጉም ክብደታቸው ያው ነው፤ የሚለወጠው ይዘታቸው ነው። ያልቀለጠ ቅቤ በኩባያ ሲጠቀጠቅ በመካከሉ ክፍተት ስለሚቀር በይዘት ለክቶ መሸጥም ሆነ መግዛት አይመከርም።

ለቤት ማብሰያ የሚያገለግል አነስተኛ ሚዛንና ለንግድ የሚያገለግል ሚዛን አንድ አይደሉም። ለመሸጫ የሚውለው ሚዛን ትክክለኛነቱ በሚመለከተው አካል የተረጋገጠ መሆን ይኖርበታል። ሚዛኑ በተደላደለ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ፣ ከሥራ በፊት ዜሮ ማንበቡና ሳህኑ ከዱቄት መጽዳቱ በየቀኑ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ሳህኑ ላይ ተጋግሮ የከረመ 20 ግራም ሽሮ ከእያንዳንዱ ሸማች ላይ 20 ግራም ይወስዳል።

ክብደት ጎድሎ ሲገኝ

በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ዕቃ የገጠመው ሸማች በመጀመሪያ የተጻፈው ልኬት ሊትር ወይስ ግራም መሆኑን ያረጋግጥ፤ ከሚቀርቡት ቅሬታዎች መካከል የሁለቱ መደበላለቅ የሚያስከትለው በዚህ ይለያል። ቀጥሎ ዕቃው ያልተከፈተ ከሆነ እንደታሸገ በሌላ ሚዛን ተመዝኖ ባዶው ማሸጊያ የሚመዝነው ይቀነስለታል። ጉድለቱ ከታመነበት ዕቃውን ከነማሸጊያውና ከደረሰኙ ጋር ለሻጩ ማሳየት የሚቀድም ሲሆን መፍትሔ ካልተገኘ ለአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። በቅሬታው ላይ የተገዛበት ቀንና ቦታ፣ የተከፈለው ዋጋ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ክብደት፣ በሚዛን የተገኘው ክብደትና የተመዘነበት ሚዛን የማን እንደሆነ ቢገለጽ ማጣራቱን ያፋጥነዋል። ማሸጊያው ከተጣለ ወይም ዕቃው ከተቀነሰለት በኋላ ጉድለቱን ማረጋገጥ አዳጋች ስለሚሆን ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ እንዳለ ይቀመጥ።